የሴሉላር ፓቶሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ፦ ክፍያ የሚገባው የትኛው ኮርስ ነው?

በሴሉላር ፓቶሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ያሰበ ሰው ከመመዝገቡ በፊት መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፦ ተማሪው በገዛ እጁ ስንት ብሎክ (በሰም ውስጥ የተተከለ የኅብረ ሕዋስ ናሙና) ይቆርጣል? የመምህራኑ ማዕረግ፣ የዩኒቨርሲቲው ስም፣ የሕንፃው ማማር ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል። መልሱ «ሠርቶ ማሳያ ይኖራል» ከሆነ ኮርሱ ግማሽ ነው። መልሱ ቁርጥ ያለ ቁጥር ከሆነ፣ ያውም ተማሪው ያበላሸውን ስላይድ ራሱ መርምሮ እንዲያርም ጊዜ ተመድቦለት ከሆነ፣ ያኔ ስለ ቀሪው መነጋገር ይቻላል።

ስሙ ግር የሚላቸው አሉ። ሴሉላር ፓቶሎጂ የሚለው አጠራር በብዛት የሚሠራበት በብሪታንያ ነው፤ ሌላው ዓለም አናቶሚክ ፓቶሎጂ ይለዋል። ሂስቶፓቶሎጂን (የኅብረ ሕዋስ ምርመራን) እና ሳይቶፓቶሎጂን (ከአካል የተለዩ የተናጠል ሕዋሳትን ምርመራ) በአንድ ጥላ ሥር ያሰባስባል። የሐሳቡ ምንጭ ሩዶልፍ ፊርሾ እ.ኤ.አ. በ1858 በርሊን ውስጥ የሰጣቸው ትምህርቶች ናቸው፤ በሽታ መነሻው ሕዋስ ነው፣ ሕዋስም የሚወለደው ከሕዋስ ነው የሚለው አቋሙ እስከ ዛሬ የመስኩ ምሰሶ ነው። የብሪታንያው ዓይነት ኮርስ 180 ክሬዲት ሲኖረው 60ው ለምርምር ሥራው ይውላል። ቀሪው 120 የበሽታ ባዮሎጂን፣ የላቦራቶሪ ዘዴዎችን፣ ኢሚዩኖሂስቶኬሚስትሪን (ፕሮቲኖችን በአንቲቦዲ ማቅለምን)፣ ሞለኪዩላር ምርመራን፣ ሳይቶሎጂንና የጥራት ቁጥጥርን በሚያስተምሩ ሞጁሎች ይከፋፈላል። የሌሎች አገሮች አከፋፈል ቢለያይም ይዘቱ ብዙም አይርቅም።

የመጀመሪያው ሞጁል አብዛኛውን ጊዜ የሕዋስ ጉዳት፣ መላመድና ሞት ነው። ይህን ክፍል ደካማ የሚባለው ኮርስ እንኳ አያበላሸውም፤ ጥሩ መጽሐፍና ጸጥ ያለ ክፍል ያለው ሰው አብዛኛውን ለብቻው ሊያጠናው ይችላል። ልዩነቱ የሚታየው መምህሩ ንድፈ ሐሳቡን ወደ ስላይድ ሲያወርደው ነው። ለምሳሌ የሕዋስ ሞት ሲከሰት ኒውክለሱ ወይ ይኮማተርና ይጠቁራል፣ ወይ ይበታተናል፣ ወይ ቀለሙ እየደበዘዘ ይጠፋል፤ ይህን ማንም ይሸመድዳል። ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ስላይዱ ላይ የሚታየው ሰውየው በሕይወት ሳለ የደረሰ ኔክሮሲስ (የኅብረ ሕዋስ ሞት) ነው ወይስ ናሙናው ፎርማሊን ሳይገባ ቆይቶ ራሱን የበላ ሥጋ? በኔክሮሲስ ዙሪያ ኒውትሮፊሎች (የብግነት ነጭ የደም ሕዋሳት) ይሰበሰባሉ፣ የሞተውና ያልሞተው ክፍል ድንበር አለው። ራሱን የበላው ግን ምንም ዓይነት የብግነት ምላሽ የለውም፣ ጉዳቱም በሁሉም ቦታ ተመሳሳይ ነው፤ ቀድመው የሚያልቁትም ኢንዛይም የሞላባቸው ፓንክሪያስና የአንጀት ውስጠኛ ሽፋን ናቸው። ሌላው ጥሩ መፈተኛ የልብ ጡንቻ ነው። የልብ ደም ሥር ተዘግቶ ጡንቻው ቢሞትም በተራው ማቅለሚያ እስከ 4 ሰዓት ገደማ ድረስ ብዙም የሚታይ ነገር አይኖርም። ይህን ያልተማረ ሰው «ጤናማ ነው» ብሎ ይጽፋል።

ፊክሴሽንና ፕሮሰሲንግ

ናሙናው እንዳይበሰብስ በፎርማሊን የሚጠበቅበትን (ፊክሴሽን) እና ውኃው ወጥቶ ሰም የሚገባበትን (ፕሮሰሲንግ) ይህን ክፍል ብዙ ተቋማት በአንድ ከሰዓት ያልፉታል። ስህተት ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የሚበላሸው እዚህ ነውና። ጥሩ ኮርስ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይሰጠዋል፣ ተማሪውንም ሒሳብ ያሠራዋል።

ባለ 10 በመቶ ኒውትራል ቡፈርድ ፎርማሊን ሲባል በውስጡ ያለው ፎርማልዲሃይድ 4 በመቶ ገደማ ነው። 10 በመቶ የተባለው አንድ እጅ የገበያ ፎርማሊን በዘጠኝ እጅ ውኃ ስለሚቀጥን ነው፤ ቡፈሩ ደግሞ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) 7 አካባቢ ይይዘዋል። ፒኤቹ ወደ አሲድ ከወረደ፣ ደም በበዛበት ኅብረ ሕዋስ ላይ ቡናማ ጥቁር የፎርማሊን ብናኝ ይወጣል። ጀማሪ ይህን ሜላኒን ወይም የወባ ብናኝ ይለዋል። አልኮል ውስጥ የሟሟ ፒክሪክ አሲድ ያስለቅቀዋል፤ ነገር ግን ዋናው መፍትሔ ፎርማሊኑን አለማስረጀት ነው።

የፎርማሊኑ መጠን ከናሙናው ከ10 እስከ 20 እጥፍ መሆን አለበት። የሚዘልቅበት ጥልቀት ደግሞ ከጊዜው ስኩዌር ሩት ጋር ይመጣጠናል፦ በመጀመሪያው ሰዓት 1 ሚሊሜትር ከገባ 2 ሚሊሜትር ለመድረስ 4 ሰዓት፣ 5 ሚሊሜትር ለመድረስ 25 ሰዓት ያስፈልገዋል። ዘለቀ ማለት ደግሞ ሥራውን ጨረሰ ማለት አይደለም፤ ፎርማልዲሃይድ ፕሮቲኖችን እርስ በርስ ለማሰር አንድ ቀን ገደማ ይወስዳል። ሳይሰነጠቅ ባልዲ ውስጥ የተጣለ ትልቅ ዕጢ ታዲያ ላዩ ጠንክሮ ልቡ ይበሰብሳል። ከ5 እስከ 10 ሚሊሜትር በሆነ ርቀት መሰንጠቅ፣ በቁርጦቹም መሃል ወረቀት ማስገባት ይህን ያድነዋል። ካሴት (ናሙናው የሚቀመጥበት ባለ ፍርግርግ ትንሽ ሣጥን) ውስጥ የሚገባው ቁራጭ ከ4 ሚሊሜትር አይበልጥ። ክዳኑ እየታገለ የተዘጋ ካሴት ውስጥ ፈሳሽ አይዘዋወርም፣ የካሴቱም ፍርግርግ ሥጋው ላይ ታትሞ ይቀራል።

ፕሮሰሲንግ ላይ ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው፦ ከ70 በመቶ ተነስቶ እስከ 100 በመቶ የሚወጣ አልኮል ውኃውን ያስወጣል፣ ዛይሊን አልኮሉን ያስወጣል፣ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ የቀለጠ ፓራፊን ሰም ዛይሊኑን ይተካል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው ነገሩ። ውኃ የቀረበት ቁራጭ ውስጥ ሰም አይገባም፤ ብሎኩ ሲቀዘቅዝ መሃሉ ይሰረጉዳል፣ ማይክሮቶም (ብሎኩን በስሱ የሚቆርጠው ማሽን) ላይ ሲደርስም ከሰሙ ተፈልቅቆ ይወጣል። በተቃራኒው በመርፌ የተወሰደች ትንሽ ባዮፕሲ ለትልቅ ናሙና በተዘጋጀ የሌሊት ፕሮግራም ከገባች ደርቃ ትሰነጣጠቃለች። ስለዚህ ኮርሱ ቢያንስ ሁለት ፕሮግራም፣ አጭርና ረጅም፣ በእጅ ማሠራት አለበት። ተማሪው ሆን ተብሎ የተበላሸ ብሎክ ተሰጥቶት ወደ ኋላ መልሶ እንዲያድነው የሚያደርጉ ኮርሶች አሉ፤ ከሁሉ የላቀው ልምምድ ይህ ነው።

አጥንት በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ ካልሲየሙን በሃይድሮክሎሪክ ወይም በናይትሪክ አሲድ ማውጣት ፈጣን ነው፣ ዲኤንኤውን ግን ይበላዋል። ኢዲቲኤ ቀናትን አንዳንዴም ሳምንታትን ይወስዳል፣ ዲኤንኤውን ግን ይጠብቃል። ወደ አጥንት የተሰራጨ ካንሰር ላይ የጂን ምርመራ ሊጠየቅ እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ምርጫውን ያስተካክላል።

ማይክሮቶሙ ፊት

የኮርሱን ሚዛን የሚያነሳውም የሚጥለውም ይህ ክፍል ነው። በእኛ ግምት አንድ ተማሪ ሴሚስተሩን ሲጨርስ ቢያንስ 50 ብሎክ መቁረጥ አለበት፣ ከነዚህም ስብ የበዛበት፣ ደም የበዛበት፣ ካልሲየም ያለበትና ጥፍር የመሰለ ጠንካራ ነገር መኖር አለበት። አንድ ማይክሮቶም ለአራት ተማሪ ከሆነ ጥሩ ነው። ለአሥር ከሆነ ግን ዘጠኙ ተመልካች ነው።

የተለመደው ውፍረት ከ3 እስከ 4 ማይክሮሜትር ነው። የኩላሊት ባዮፕሲ ከ2 እስከ 3 ይቆረጣል፣ ምክንያቱም የግሎሜሩለስ (ደሙን የሚያጣራው የኩላሊት ክፍል) ሽፋን በወፍራም ቁራጭ ላይ እውነተኛ ውፍረቱ አይታወቅም። ለአሚሎይድ (በኅብረ ሕዋስ ውስጥ የሚከማች የተበላሸ ፕሮቲን) የሚደረግ የኮንጎ ሬድ ማቅለሚያ በተቃራኒው ከ8 እስከ 10 ይፈልጋል፤ ከዚያ ከቀጠነ በፖላራይዝድ ብርሃን የሚጠበቀው አረንጓዴ ድምቀት ደብዝዞ ያልፋል። አንድ ኮርስ ሁሉንም በ4 ማይክሮሜትር የሚያስቆርጥ ከሆነ ማሽን ማዞር እንጂ ሙያ አላስተማረም።

ከመቁረጥ በፊት ብሎኩ በትክክል መተከሉ፣ ኢምቤዲንግ የሚባለው፣ ውጤቱን ይወስነዋል። ቆዳ በጠርዙ ይቆማል፣ ከላይኛው ሽፋን እስከ ስቡ በአንድ ስላይድ እንዲታይ። ቱቦ የመሰለ ነገር ቀለበት ሆኖ እንዲወጣ ይቆማል። የአንጀት ባዮፕሲ ከተኛ እጢዎቹ ክብ ክብ ነጥብ ይመስላሉ፣ የዲስፕላዝያ (ካንሰርን ሊቀድም የሚችል የሕዋስ መዛባት) ጥልቀትም ሊለካ አይችልም።

ብልሽቶቹ ብዙ ቢመስሉም መንስኤያቸው ጥቂት ነው። በቁራጩ ላይ አግድም፣ እንደ መስኮት መዝጊያ እርስ በርስ የሚከተሉ መስመሮች ከታዩ ቢላዋው ወይም ብሎኩ አልጠበቀም፣ ወይም የቢላዋው ማዕዘን ከልክ በላይ ዘንብሏል፣ ወይም ሥጋው በጣም ጠንካራ ነው። ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ጭረት ቢላዋው ላይ ጥርስ መኖሩን ወይም ብሎኩ ውስጥ ካልሲየም መኖሩን ይናገራል፤ ቢላዋውን ወደ ጎን አንሸራትቶ እንደገና መቁረጥ ሁለቱን ይለያል። ጭረቱ አብሮ ከሄደ ጥፋቱ የቢላዋው ነው፣ በቦታው ከቀረ የብሎኩ ነው። አንዴ ወፍራም አንዴ ቀጭን የሚወጣ ከሆነ መጀመሪያ የሚፈተሸው የላላ ብሎን ነው። የተጨማደደና ያጠረ ቁራጭ ደግሞ የደነዘ ቢላዋ ወይም የሞቀ ብሎክ ምልክት ነው። ብሎኩን በበረዶ ማቀዝቀዝ ይረዳል፣ ግን ለረጅም ጊዜ ከተተወ ሥጋው ውኃ መጥጦ ያብጣል፣ የመጀመሪያዎቹ ቁራጮችም እየተፈነጠቁ ይወጣሉ። ይህ ሁሉ በአንድ ገጽ ሊጻፍ ይችላል፤ እጅ የሚያውቀው ግን ከስንት ብሎክ በኋላ ነው።

የውኃ መታጠቢያው ሙቀት ከሰሙ መቅለጫ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ዝቅ ይላል፣ ማለትም 45 ዲግሪ አካባቢ። ከዚያ ከሞቀ ቁራጩ ተዘርግቶ ሕዋሳቱ እርስ በርስ ይራራቃሉ። ከቀዘቀዘ መጨማደዱ አይለቅም። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ሌላ ነው፦ ከአንድ ታካሚ ብሎክ የተረፈ ብጣሽ ውኃው ላይ ተንሳፎ የሌላ ታካሚ ስላይድ ላይ ሲለጠፍ። ካንሰር የሌለበት ሰው ስላይድ ላይ የካንሰር ብጣሽ ተገኘ ማለት ነው። በየብሎኩ መሃል የውኃውን ገጽ በወረቀት መጥረግ ከአምስት ሰከንድ በላይ አይወስድም። ተማሪዎቹ ይህን ሳይነገራቸው የሚያደርጉበት ላቦራቶሪ በደንብ የሚያስተምር ላቦራቶሪ ነው፤ ጉብኝት ላይ የሚታይ የመጀመሪያው ምልክት ይህ ይሁን።

ሄማቶክሲሊንና ኢዮሲን

ተራ የተባለው ማቅለሚያ በትክክል ሲሠራ ማየት ደስ ይላል። ሃሪስ ሄማቶክሲሊን ለ5 ደቂቃ ገደማ፣ መታጠብ፣ ከዚያ በ70 በመቶ አልኮል ውስጥ 1 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ባለበት ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ትርፉን ቀለም ማስለቀቅ፣ ከዚያ በስኮት ውኃ ወይም በሚፈስ የቧንቧ ውኃ ሰማያዊ እስኪሆን ማቆየት። ቀዩ ሄማቶክሲሊን ሰማያዊ የሚሆነው ፒኤቹ ሲወጣ ነው፤ ቧንቧው ውኃ አሲዳማ በሆነበት ቦታ ኒውክለሱ ሐምራዊ ቀይ ሆኖ የሚቀረው ለዚህ ነው። ኢዮሲን በደንብ ከተሠራ ሦስት የሮዝ ደረጃ ያሳያል፦ ቀይ የደም ሕዋስ ደማቁን፣ ጡንቻ መካከለኛውን፣ ኮላጅን ቀላሉን። ሁሉም አንድ ሮዝ ከሆኑ ከኢዮሲኑ በኋላ ያለው ውኃና ቀጭን አልኮል አልሠራም ወይም ቶሎ ታልፏል። ስላይዱ ዛይሊን ሲገባ ወተት ከመሰለ ውኃ ቀርቶበታል፤ ወደ ንጹሕ አልኮል መልሶ መጀመር ነው።

ልዩ ማቅለሚያዎቹ፣ ፒኤኤስ፣ ፐርልስ፣ ዚል ኒልሰን፣ ግሮኮት፣ ማሶን ትራይክሮም፣ ብዙ ኮርሶች በዝርዝር ያስተምሯቸዋል። ኬሚስትሪያቸውን ማወቅ ጥሩ ነው። ለጊዜው ግን አምስቱን በእጅ መሥራት ሃያውን ከማንበብ ይበልጣል።

ኢሚዩኖሂስቶኬሚስትሪ

አልበርት ኩንስ እ.ኤ.አ. በ1941 አንቲቦዲን በሚያበራ ቀለም ካሰረ ወዲህ፣ ከለርና ሚልስታይን ደግሞ በ1975 አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ የሚያመርት ሕዋስ ከሠሩ ወዲህ መስኩ መልኩን ቀይሯል። ዛሬ ይህን ሞጁል አሳጥሮ የሚያልፍ ኮርስ የሚመዘገቡበት አይደለም።

ፎርማሊን ያሰራቸውን ፕሮቲኖች ለመፍታት ስላይዱ በሲትሬት ቡፈር ፒኤች 6 ወይም በትሪስ ኢዲቲኤ ፒኤች 9 ውስጥ ከ95 እስከ 100 ዲግሪ ለ20 ደቂቃ ገደማ ይሞቃል። ኢንዛይሙ ፐርኦክሲዴዝ ከሆነ የሥጋው የራሱ ፐርኦክሲዴዝ አስቀድሞ በ3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይዘጋል፤ ይህ ከተረሳ ቀይ የደም ሕዋሳትና ኢዮሲኖፊሎች ሁሉ ቡናማ ይሆናሉ። ከዚያ የመጀመሪያው አንቲቦዲ፣ ሁለተኛው ከነፖሊመሩ፣ መጨረሻ ላይ ቡናማ ቀለም የሚሰጠው ዲኤቢ።

እዚህ ላይ ኮርሱ የሚፈተነው አውቶማቲክ ማሽን ከመስጠቱ በፊት ተማሪው አዲስ አንቲቦዲ በእጁ እንዲያስተካክል ማድረጉ ላይ ነው። 1 ለ50፣ 1 ለ100፣ 1 ለ200፣ 1 ለ400 አቅጥኖ በሁለቱም ቡፈር መሞከር፣ ማለትም ስምንት ስላይድ፣ ከነሱም ላይ አንድ አንቲቦዲ ያልፈሰሰበት ዘጠነኛ። የሚመረጠው ከሁሉ የደመቀው አይደለም፤ ደካማ አዎንታዊ የሆነው ሕዋስ በግልጽ እየታየ ጀርባው ንጹሕ የሆነው ነው። በዚህ ምክንያት መቆጣጠሪያ ኅብረ ሕዋስ ሲመረጥ እጅግ ደማቅ የሚሆነው ብቻ አይበቃም። ዘዴው በ30 በመቶ ቢደክም ደማቁ መቆጣጠሪያ አሁንም ደማቅ ይመስላል፣ የታካሚው ደካማ ዕጢ ግን «ኔጋቲቭ» ሆኖ ይወጣል።

ቀጥሎ የሚመጣው ንባብ ነው። ሄር2 (በሕዋስ ሽፋን ላይ ያለ የዕድገት ሪሴፕተር) በጡት ካንሰር ላይ 3+ የሚባለው ከ10 በመቶ በላይ በሆኑ የዕጢ ሕዋሳት ላይ ሙሉና ደማቅ የሽፋን ቀለም ሲኖር ነው። 2+ ሲሆን በኢን ሲቱ ሃይብሪዳይዜሽን (የጂኑን ቅጂ በስላይዱ ላይ በሚያስቆጥር ዘዴ) ይረጋገጣል፦ የሄር2 ጂን ከክሮሞሶም 17 ማዕከል ጋር ያለው ንጽጽር 2 እና ከዚያ በላይ፣ በአንድ ሕዋስ ያለው አማካይ ቅጂም 4 እና ከዚያ በላይ ሲሆን አዎንታዊ ነው። ኤስትሮጅን ሪሴፕተር ከ1 በመቶ ጀምሮ አዎንታዊ ነው፣ ከ1 እስከ 10 በመቶ ያለው ደግሞ «ዝቅተኛ አዎንታዊ» ተብሎ ተለይቶ ይጻፋል። እነዚህን ቁጥሮች መሸምደድ ለብቻው ፋይዳ የለውም። ናሙናው ከተወሰደ በኋላ በ1 ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን መግባቱንና እዚያም ከ6 እስከ 72 ሰዓት መቆየቱን ሳይጠይቅ የሚያነብ ሰው የሚያነበው ምን እንደሆነ አያውቅም። ጥሩ መምህር ሁለቱን ሞጁሎች የሚያያይዘው በዚህ ነው።

የአንጀት ካንሰር ላይ የሚሠራው የሚስማች ሪፔር (የዲኤንኤ ቅጂ ስህተትን የሚያርሙ ፕሮቲኖች) ምርመራ ለተማሪ ግሩም ነው፤ አራት ፕሮቲን ብቻ ሆኖ ማሰብን ያስገድዳል። ኤምኤልኤች1 ከጠፋ ጓደኛው ፒኤምኤስ2 አብሮ ይጠፋል፣ ኤምኤስኤች2 ከጠፋ ኤምኤስኤች6 አብሮ ይጠፋል። ተቃራኒው ግን አይሠራም፤ ፒኤምኤስ2 ብቻውን ሊጠፋ ይችላል። «ጠፋ» ከማለት በፊት በዚያው ስላይድ ላይ ያሉ ሊምፎሳይቶችና ጤናማ እጢዎች መቅለማቸው ይታያል። እነሱም ባዶ ከሆኑ የጠፋው ፕሮቲኑ ሳይሆን ማቅለሚያው ነው። ኖርዲኪዩሲ የተባለው የጥራት ግምገማ ድርጅት ከ2003 ጀምሮ የየአንቲቦዲውን ውጤትና የሚመከሩ ፕሮቶኮሎችን በነጻ ያወጣል፤ ይህን በክፍል የማይጠቀም ኮርስ ቅርብ ያለ ሀብት እያባከነ ነው።

ሞለኪዩላርና ሳይቶሎጂ

ሞለኪዩላሩ ሞጁል ብዙ ጊዜ ከጂኔቲክስ ክፍል ተውሶ የሚሰጥ ነው፣ ይህም ይታወቅበታል፤ መምህሩ ከደም የወጣ ንጹሕ ዲኤንኤ ያስባል። በሰም ውስጥ ያለ ዲኤንኤ ግን የተቆራረጠ ነው፣ ሳይቶሲን እየተለወጠም ሲ ወደ ቲ የሚል የሐሰት ሚውቴሽን ይፈጥራል። ዩራሲል ዲኤንኤ ግላይኮሲሌዝ የተባለው ኢንዛይም ይህን ይቀንሳል። ከዚያም በላይ፣ ቁራጩ ውስጥ ያለው የዕጢ ሕዋስ ስንት በመቶ ነው የሚለውን መጀመሪያ በማይክሮስኮፕ ገምቶ፣ በስላይዱ ላይ በእስክሪብቶ ከቦ፣ ከክቡ ውስጥ ብቻ መፋቅ አለ። ይህን በእጅ የማያሠራ ሞጁል የሴሉላር ፓቶሎጂ ሞጁል አይባልም።

ሳይቶሎጂ የሚያሳዝነው ክፍል ነው። የማኅፀን በር ምርመራ ወደ ኤችፒቪ ምርመራ ስለዞረ ብዙ ኮርሶች አሳጥረውታል። ግን በቀጭን መርፌ የሚወሰድ የታይሮይድ፣ የሊምፍ እጢና የሳንባ ናሙና አሁንም አለ። የፓፓኒኮላው ማቅለሚያ የሚፈልገው ስሚሩ (ስላይድ ላይ የተቀባው ናሙና) ሳይደርቅ ወዲያው በ95 በመቶ ኢታኖል መግባቱን ነው። ጥቂት ሰከንድ የዘገየ ስሚር ላይ ኒውክለሱ ያብጣል፣ ዝርዝሩም ይደበዝዛል፣ ያበጠውም ኒውክለስ የዲስፕላዝያ መልክ ያመጣል። የታይሮይድ ናሙና በቂ ለመባል ቢያንስ 6 ስብስብ፣ በእያንዳንዱም ቢያንስ 10 የፎሊክል ሕዋስ ያስፈልገዋል። በዚህ ክፍል መመዘኛው የስላይድ ሣጥን ነው፦ ተቋሙ ለተማሪ የሚያውለው ስንት ጉዳይ አለው፣ ከነሱስ ስንቱ አሻሚ ነው? ግልጽ ምሳሌ ብቻ የያዘ ሣጥን ማንንም አያዘጋጅም።

በኢንተርኔት የሚሰጠው

ዲጂታል ስላይድ ብዙ ነገር ፈትቷል። በ40 እጥፍ የተቃኘ ስላይድ አንድ ፒክስሉ 0.25 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ ለማንበብ ለመማር ከበቂ በላይ ነው። ሃያ ሰው አንድ ሕዋስ እያየ ሊወያይ ይችላል፣ ይህም በባለ ብዙ ዐይን ማይክሮስኮፕ ከሚደረገው ይሻላል። ሁለት ጉድለት አለው። አብዛኛው ስካነር በአንድ ደረጃ ብቻ ስለሚያነሳ ወፍራም የሳይቶሎጂ ስብስብ ውስጥ ፎከሱን ከፍ ዝቅ ማድረግ አይቻልም፤ ፖላራይዝድ ብርሃንም የለም። ሌላው፣ የተቃኘው ሁሉ የተመረጠ ነው፤ የተሰነጠቀው፣ የተጨማደደው፣ ተንሳፋፊ ያለበት ስላይድ አልተቃኘም። ስለዚህ በላቦራቶሪ እየሠራ በተጓዳኝ ለሚማር ሰው የኢንተርኔቱ ኮርስ ጥሩ ግዢ ነው፣ እጁ በሥራ ቦታው ይሰለጥናልና። ላቦራቶሪ ገብቶ ለማያውቅ ሰው ግን አንመክርም።

ወረቀቱ ምን ይሰጣል?

ይህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ተቋማቱም ሁሌ ግልጽ አያደርጉትም። ሁለተኛ ዲግሪው ማንንም ፓቶሎጂስት አያደርግም። ፓቶሎጂስት ሐኪም ሆኖ ከዚያ በላይ ለዓመታት ስፔሻላይዝ ያደረገ ነው። በላቦራቶሪ ባለሙያነት ለመሥራትም በብዙ አገር የተለየ የሙያ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ዲግሪውም ፈቃዱን በራሱ አያመጣም። በብሪታንያ ለምሳሌ ምዝገባው በጤናና እንክብካቤ ሙያዎች ምክር ቤት በኩል ነው፤ በባዮሜዲካል ሳይንስ ኢንስቲትዩት እውቅና ያለው ሁለተኛ ዲግሪ ለሙያ እድገት ይረዳል እንጂ ምዝገባውን አይተካም። ከመክፈል በፊት በሚሠሩበት አገር ያለውን የምዝገባ አካል በጽሑፍ መጠየቅና መልሱን ማስቀመጥ ይገባል።

የምርምር ሥራው

ከጠቅላላው ሲሦውን የሚይዘው ይህ ሆኖ ሳለ ተማሪዎች ዘግይተው ይጀምሩታል። ከማኅደር የሚወጣ ብሎክ የሰው አካል ነውና የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ይፈልጋል፣ ፈቃዱም ወራት ሊወስድ ይችላል። ጥሩ ኮርስ ተማሪው ከመመዝገቡ በፊት ፈቃድ ያላቸው ርዕሶች ዝርዝር አለው፤ ይህን ዝርዝር ለማየት መጠየቅ ነውር የለውም። ርዕሱ «የእገሌ ፕሮቲን በእገሌ ካንሰር» ከሆነ ውጤቱን የሚያነቡት ሁለት ሰዎች አንዱ የሌላውን ሳያውቅ፣ የታካሚውንም መጨረሻ ሳያውቁ መሆን አለበት፤ ስምምነታቸውም ካፓ በሚባል የስታቲስቲክስ መለኪያ ይለካል። በአንድ ብሎክ ብዙ ዕጢ የሚሰበስበው ቲሹ ማይክሮአሬይ ወጪን ይቀንሳል። ከየዕጢው በሲሊንደር መልክ የሚወጣው ቁራጭ፣ ኮር የሚባለው፣ ስፋቱ 0.6 ሚሊሜትር ሊሆን ስለሚችል ግን ካንድ ዕጢ ቢያንስ ሦስት ኮር ይወሰዳል፣ ቀለሙ በየቦታው የሚለያይ ፕሮቲን በአንድ ኮር አይመዘንምና።

ብሎኩ እያንዳንዱ ጊዜ ማይክሮቶም ላይ ሲመለስ ገጹን ለማስተካከል ብቻ ሥጋ ይባክናል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ስላይድ ሁሉ፣ ከትርፍ ሁለት ጋር፣ በአንድ መቀመጫ ይቆረጣል። ሆኖም ተቆርጦ የቆየ ስላይድ ላይ አንዳንድ አንቲጂን (አንቲቦዲው የሚይዘው ፕሮቲን) ከሳምንታት በኋላ እየደከመ ይሄዳል፤ የቆረጡበት ቀን በየስላይዱ ይጻፍ፣ የማይቀለመው በ4 ዲግሪ ይቀመጥ፣ የሁሉም ታካሚ ስላይድ ለአንድ አንቲቦዲ በአንድ ዙር ይቀለም። ለታካሚው ሌላ ምርመራ ቢያስፈልግ የሚቆረጥ ሥጋ በብሎኩ ውስጥ መቅረቱን ደግሞ ማይክሮቶሙን ከመንካት በፊት ተቆጣጣሪው ራሱ አይቶ ይፈርምበታል።